የድሮ የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር የትና መቼ እንደተሠራ ለይቶ ማወቂያ መንገድ

አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ የመጣ ኤፒፎን ጊታር ገዝቶ ሊያሳየኝ አመጣ። በገላው ቀዳዳ ውስጥ ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ «ካላማዙ፣ ሚሺጋን» ይላል። ሻጩ ይህንኑ እያሳየ የአሜሪካ ሥራ ነው ብሎ በአሜሪካ ሥራ ዋጋ ሸጦለታል። ባትሪ አብርቼ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ከታች በኩል «ሜድ ኢን ጃፓን» የሚል አገኘሁ። ወረቀቱ አልዋሸም። ካላማዙ የብራንዱ ባለቤት አድራሻ ነበረች፤ ጊታሩ የተሠራው ግን ማትሱሞቶ በምትባል የጃፓን ከተማ ነው። ኤፒፎን በ1970 ሥራውን ከአሜሪካ ወደ ጃፓን አዛውሮ ነበርና።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ ከሠፈር የሙዚቃ ባንድ እጅ የወጣ፣ ወይም በውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የተገኘ ጊታር ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር በቅድሚያ ያዙልኝ፤ በጊታር ራስ ላይ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሻጩ ስም እንጂ የሠሪው ስም አይደለም። ሠሪውን የምታገኙት ከእንጨቱ፣ ከብረቱና ከቁጥሩ ነው። ጃፓን ሠራሽ መሆኑ ደግሞ ጊታሩን አያሳንሰውም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ ከተሠሩት ውስጥ በዘመኑ ከአሜሪካ ይወጡ ከነበሩት የሚበልጡ አሉ፤ ይህን የምለው ብዙዎቹን ፈትቼ ገጥሜ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ልኩ የሆነ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ስልካችሁና ማስታወሻ ደብተር። ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) ካላችሁ ደግሞ መልካም።

1. ከብራንዱ ጀርባ ያለውን ፋብሪካ ፈልጉ

የጃፓን ጊታር ታሪክ በአብዛኛው በጥቂት ከተሞች ዙሪያ ይሽከረከራል። በናጋኖ አውራጃ ያለችው ማትሱሞቶ ዋነኛዋ ናት። በ1960 የተቋቋመው ፉጂጄንና ቀድሞ የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ይሠራ የነበረው ማትሱሞኩ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። ሃማማትሱ የያማሃ፣ የካዋይና የቶካይ ከተማ ናት። ናጎያ ደግሞ የነጋዴዎቹ መናኸሪያ ናት፤ የአይባኔዝ ባለቤት የሆነው ሆሺኖ እና የአሪያ ባለቤት የሆነው አራይ እዚያ ናቸው። ቴይስኮ በ1946 የተመሠረተው ቶኪዮ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ፉጂጄን ለአይባኔዝም፣ ለግሬኮም፣ በኋላም ለፌንደር ጃፓን ሠርቷል። ማትሱሞኩ ደግሞ ለአሪያ፣ ለኤፒፎን፣ ለዌስቶንና ለቫንቴጅ ሠርቷል። ስለዚህ ስማቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሁለት ጊታሮች ከአንድ ጠረጴዛ ላይ የተነሡ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱን ጠባይ ካወቃችሁ ሌላውንም ታውቁታላችሁ።

2. የአገሩን ስም ፈልጉ፤ ካጣችሁትም አትደናገጡ

ጊታሩን ገልብጡትና ከራሱ ጀርባ ጀምሩ። ቀጥሎ አራቱ ቪቴዎች የሚያልፉበትን የአንገት ላሜራ፣ ቀጥሎም አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ተመልከቱ። የአሜሪካ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስለሚያስገድድ ወደዚያ የተላኩት ጊታሮች ላይ «ሜድ ኢን ጃፓን» ሊኖር ይገባል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በትንሽ ስቲከር የሚለጠፍ ስለነበር ስቲከሩ ወድቆ ጠፍቷል። ባትሪውን አዘንብላችሁ በጎን ብታበሩ ቫርኒሹ ላይ አራት ማዕዘን ጥላው ቀርቶ ታገኙ ይሆናል። ፀሐይ ያላገኘው እንጨት ቀለሙ ይለያል።

በላሜራው ላይ አንገቱ በብረት የተጠናከረ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍና ከሥሩ የጃፓን ስም ተቀርጾ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ ጊታር ነው።

ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩት ደግሞ የአገር ስም ባይኖራቸው አይገርምም። ፋብሪካው ለራሱ አገር ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ከየት እንደመጣ መናገር አላስፈለገውም። ግሬኮ እና ቶካይ ላይ ይህ ያጋጥማል። የአገር ስም አለመኖሩ ብቻውን ጊታሩን ሐሰተኛ አያሰኘውም።

«ሜድ ኢን ኮሪያ» የሚል ካገኛችሁ ዘመኑ ወደ 1980ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ያጋድላል። በመስከረም 1985 ታላላቅ አገሮች ዶላር እንዲረክስ የተስማሙበት የፕላዛ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የጃፓን ገንዘብ በፍጥነት ተወደደ፤ አንድ ዶላር ወደ 240 የን ይመነዘር የነበረው በአንድ ዓመት ገደማ ወደ 150 አካባቢ ወረደ። የጃፓን ጊታር ለውጭ ገዢ ሲወደድ ብራንዶቹ ርካሹን ሥራ ወደ ኮሪያ አሻገሩት። የማትሱሞኩ ፋብሪካም በ1987 ተዘጋ። ስለዚህ ከማትሱሞኩ የወጣ ጊታር ከዚያ ዓመት ሊያልፍ አይችልም፤ ለዘመን ገደብ ከዚህ የተሻለ ጥርት ያለ ምልክት ጥቂት ነው።

3. መለያ ቁጥሩን አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ብዙ መልስ የሚገኘውም እዚህ ነው።

አይባኔዝ እስከ 1975 መለያ ቁጥር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በጃፓን የተሠሩት አንድ የላቲን ፊደልና ስድስት አኃዝ ይይዛሉ። ፊደሉ ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ እስከ ኤል ዲሴምበር ይሄዳል። ተከታዮቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ የምርቱ ተራ ቁጥር ናቸው። ለምሳሌ «ኤች782345» ቢል ኤች ስምንተኛ ፊደል ስለሆነ ኦገስት ነው፣ ዓመቱም 1978። ግሬኮም ከአንድ ፋብሪካ ስለወጣ በዚያው ዘመን በዚሁ ሥርዓት ይነበባል፤ «ጂ762214» የጁላይ 1976 ሥራ ነው።

በ1987 አካባቢ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ወጥመዱም እዚህ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ «ኤፍ» ወር መሆኑ ቀርቶ የፉጂጄን ምልክት ሆነ፤ ቀጥሎ ያለው አንድ አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው፤ አምስቱ ተራ ቁጥር ናቸው። እስቲ «ኤፍ812345» የሚለውን እንይ። በድሮው አነባበብ ጁን 1981 ነው። በአዲሱ 1988 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ የዘመን ልዩነቱ ሰባት ዓመት! ይህን የሚፈታላችሁ ቁጥሩ ሳይሆን ጊታሩ ነው። የአርጂ እና የጄም ሞዴሎች የወጡት በ1987 ስለሆነ በእነሱ ላይ የድሮውን አነባበብ መጠቀም አይቻልም። ገላው ወፍራም፣ አንገቱ የተጣበቀ የአርቲስት ሞዴል ከሆነ ደግሞ ወደ 1981 አድሉ። ከ1997 ጀምሮ ከኤፍ በኋላ ዓመቱ በሁለት አኃዝ ስለሚጻፍ ችግሩ ይቀላል።

ፌንደር ጃፓን ሌላ መንገድ ነው። ኩባንያው በ1982 በአሜሪካዊው ጊታር ሠሪ በፌንደር፣ በጃፓኖቹ ነጋዴዎች በካንዳ ሾካይና በያማኖ ጋኪ ሽርክና ተቋቋመ፤ ሥራውን መጀመሪያ የያዘው ፉጂጄን ነበር። በ«ጄቪ» የሚጀምሩት ከ1982 እስከ 1984 የተሠሩ ናቸው፤ ጊታረኞች በጣም የሚፈልጓቸውም እነዚህ ናቸው። ስኳየር የፌንደር ሁለተኛ ብራንድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስኳየሮች በራሳቸው ላይ ፌንደር የሚለው በትልቁ፣ ስኳየር የሚለው በትንሹ ተጽፎባቸዋል። «ኤስኪው» የ1983 እና የ1984 ነው። «ኢ» ከ1984 እስከ 1987 ይዘልቃል፤ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» 1985 እና 1986 ላይ ያርፋሉ። ከዚያ «ኤፍ» 1986–87፣ «ጂ» 1987–88፣ «ኤች» 1988–89 እያለ በየዓመቱ ወደፊት ይራመዳል። ዓመታቱ እንደሚደራረቡ አስተውሉ፤ አንድ ዓመት ላይ ጣታችሁን ከምትቀስሩ ሁለቱን ዓመት ጻፉ።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካ ፌንደርም «ኢ» የሚለውን ፊደል ለ1980ዎቹ፣ «ኤን» የሚለውን ለ1990ዎቹ ተጠቅሟል። ጃፓንም «ኤን»ን በ1993 እና 1994 ተጠቅማለች። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ ይዞ የአሜሪካ ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በቁጥሩ አካባቢ የአገሩን ስም እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። «ሜድ» በሚለው ፈንታ «ክራፍትድ ኢን ጃፓን» የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1997 ገደማ ወዲህ የመጣ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሥራው ከፉጂጄን ወጥቶ ወደ ቶካይና ወደ ዳይና ፋብሪካዎች ተዛውሮ ነበር።

ቶካይ ላይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለሰባት አኃዙ ቁጥር የመጀመሪያ አኃዝ በአብዛኛው የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ በ8 ከጀመረ 1978፣ በ0 ከጀመረ 1980። ቶካይ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። ሌስ ፖል የተባለው የአሜሪካው ጊብሰን ጊታር ቅጂው በ1978 ሲወጣ «ሌስ ፖል ሪቦርን» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «ሪቦርን ኦልድ» ሆነ፤ በኋላም «ላቭ ሮክ» ተባለ። የስሙን መለዋወጥ በተከታታይ ብታዩት በቁጥሩ ያልተፈታውን ይፈታላችኋል። አሪያ ፕሮ ቱ ላይ ደግሞ ከ1979 ገደማ እስከ ማትሱሞኩ መዘጋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች እንደ ዓመት አንብቡ።

የሞዴል ስሙን ከመለያ ቁጥሩ ጋር እንዳታምታቱት። ግሬኮ «ኢጂ-700» ማለት በጃፓን ሲሸጥ ዋጋው 70,000 የን ነበር ማለት ነው፤ ቶካይ «ኤስቲ-80» ደግሞ 80,000 የን። ዓመቱን አይነግራችሁም፣ ግን ፋብሪካው ምን ያህል እንደደከመበት ይነግራችኋል። እኔ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ሳገኝ የምፈትነው በተለየ ጉጉት ነው፤ አንገቱ፣ ፍሬቶቹ (በአንገቱ ላይ የተሰኩት የብረት መስመሮች) እና ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔታም ክፍል) ሁሉ ይለያሉ።

4. ቁጥር ከሌለ ቅርጹን ጠይቁት

በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የራሳቸውን እንግዳ ቅርጽ ይፈጥሩ ነበር። በገላው ላይ የተደረደሩ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ባለመስመር አሉሚኒየም ሽፋን፣ ወርቅማ ወረቀት የለበሰ ፒክአፕ፣ ከራሱ አጠገብ የሚገኝ ተጨማሪ ዜሮ ፍሬት፤ እነዚህ በአንድነት ሲገኙ ሐሳባችሁ ወደ ቴይስኮና ወደ ዘመዶቹ ይሂድ። በአሜሪካ «ቴይስኮ ዴል ሬይ» የሚለው ስም የመጣው በ1964 ሲሆን በ1967 ድርጅቱን ካዋይ ገዛው። ከዚህ ቤተሰብ የወጣ ጊታር ኬንት፣ ኪንግስተን ወይም ሲልቨርቶን ተብሎም ይሸጥ ነበር። በእነዚህ ላይ መለያ ቁጥር ቢኖር እንኳ ዘመን አያሳይም፤ አትድከሙበት።

በ1970ዎቹ ነገሩ ተገለበጠና የአሜሪካኖቹን መቅዳት በዛ። መጀመሪያ የመጡት የሌስ ፖል ቅጂዎች አንገታቸው እንደ ጊብሰን የተጣበቀ ሳይሆን በአራት ቪቴ የታሰረ ነው፤ ገላቸውም ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው። ይህን ለማየት የፒክአፑን ቪቴዎች ፈታ ፈታ አድርጋችሁ ፒክአፑን ቀስ ብላችሁ አንሡና የጉድጓዱን ግድግዳ በባትሪ ተመልከቱ። የተደራረበ እንጨት መስመር በመስመር ሆኖ ይታያል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሥራው እየጠራ፣ አንገቱም እየተጣበቀ መጣ።

የአይባኔዝን ራስ ቅርጽ በተለይ አስተውሉ። ጫፉ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ከሆነ፣ ማለትም እንደ ጊብሰን ከሆነ፣ ከ1976 ገደማ በፊት ነው። የጊብሰን እናት ኩባንያ የነበረው ኖርሊን የአይባኔዝን አሜሪካዊ አከፋፋይ ኤልገርን የከሰሰው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ጁን 28 ቀን 1977 ነው፤ ጉዳዩም በ1978 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ክሱ ሲመሠረት አይባኔዝ ቅርጹን አስቀድሞ ለውጦ ነበር። ዛሬ ማንኛውንም የ1970ዎቹ የጃፓን ቅጂ «የክስ ጊታር» እያሉ ዋጋ የሚሰቅሉ አሉ። የተከሰሰው አንድ አከፋፋይ ብቻ ነው፤ በዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

5. ፍቱት፣ ግን በጥንቃቄ

አንገቱ በቪቴ የታሰረ ከሆነ ብቻ ነው የምትፈቱት። የተጣበቀውን አትንኩት። መጀመሪያ ክሮቹን ሁሉንም በየተራ አላሉ፤ በተወጠረ ክር አንገት መፍታት ቪቴውን የያዘውን እንጨት ይቀደዋል። ጊታሩን በወፍራም ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ ካቻቪቴውን ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑና አራቱንም ቪቴዎች በመስቀለኛ ተራ ፍቱ። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቀዳዳ እንዲመለስ በካርቶን ላይ እንደ አቀማመጣቸው ሰክታችሁ አቆዩአቸው።

አንገቱ ሲወጣ ከሥሩ ቀጭን ወረቀት ወይም የእንጨት ስስ ቁራጭ ካገኛችሁ አትጣሉት፤ የአንገቱን ዘንበልታ ለማስተካከል ሆን ተብሎ የገባ ነው። ከዚያ የአንገቱን ሥርና የገላውን ጉድጓድ ተመልከቱ። ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የሠራተኛ ፊርማ ሊኖር ይችላል። ሳታጸዱ ፎቶ አንሡ፤ የእርሳስ ጽሑፍ በአንድ የጨርቅ ምት ይጠፋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀለን ነገር አለ። እኛ ሁለት የዘመን አቆጣጠር እያሰላሰልን ያደግን ነን። ጃፓኖችም እንዲሁ የራሳቸው አላቸው። የሾዋ ዘመን የሚቆጠረው ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ መንገሥ ጀምሮ ስለሆነ በሾዋው ዓመት ላይ 1925 ስትደምሩ የአውሮፓውያኑን ታገኛላችሁ። አንገቱ ሥር «52.4.18» የሚል ማኅተም ቢገኝ 1952 አይደለም፤ ሾዋ 52፣ ማለትም ኤፕሪል 18 ቀን 1977 ነው። የሮክ ሞዴል በ1952 የተሠራ መስሏቸው የሚደሰቱ ሰዎች አይቻለሁ። ሾዋ ያለቀው በጃንዋሪ 1989 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሄይሴ ዘመን መጣ፤ ለእሱ 1988 ደምሩ።

6. የድምፅ ማዞሪያዎቹን ተመልከቱ

የጀርባውን ወይም የፊቱን ሽፋን ክፈቱና የድምፅ ማዞሪያዎቹን ጀርባ አንብቡ። አልፕስ ወይም ኖብል የሚል ካለ የጃፓን ነው። አሜሪካዊ ማዞሪያ ላይ በ137 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይታያል፤ 137 የሠሪው ምልክት ነው፣ ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር ጃፓናዊ ጊታር ውስጥ ካገኛችሁ ምናልባት ኋላ ላይ የተቀየረ ነውና የጊታሩን ዘመን አይናገርም። ስታኞው የሚነግራችሁም አለ፤ ያልተነካው ደብዘዝ ያለና ወጥ ነው፣ የተነካው ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክና የሁለት ጊዜ እጅ ይታያል።

የማዞሪያውን ዘንግ ጥርሶች ብትቆጥሩ የጃፓኑ 18፣ የአሜሪካኑ 24 ነው። የጃፓኑ ዳዶም በሚሊሜትር ነው፤ ካሊብሮው የሚያገለግለው እዚህ ነው። ኮሪያም ሚሊሜትር ስለሚጠቀም ይህ ምልክት የአሜሪካ አለመሆኑን እንጂ የጃፓን መሆኑን አያረጋግጥም።

7. ምስክሮቹን አገናኙ

አሁን የጻፋችሁትን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስት ምስክር በአንድ ዘመን ሲስማማ ተቀበሉት። አንዱ ብቻውን ቢቃወም ያ ክፍል ተቀይሮ ይሆናል፤ አንገቱ ከአንድ ጊታር፣ ገላው ከሌላ የመጣ ብዙ አለ። ለምሳሌ ራሱ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ የሆነ፣ አንገቱ በቪቴ የታሰረ፣ ገላው ኮምፔንሳቶ የሆነና ቁጥር የሌለው አይባኔዝ ቢመጣላችሁ፣ እነዚህ ሁሉ ወደ 1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ይጠቁማሉ። በዚያው ጊታር ላይ የአርጂ ዓይነት ብሪጅ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ካለበት ብሪጁ በኋላ የተገጠመ ነው፤ ጊታሩን ግን አያረክሰውም።

አንገቱን ስትመልሱ ቪቴዎቹን ወዲያው አታጥብቁ። እያንዳንዱን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ከድሮው ጥርስ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ጠብ ሲል ይሰማችኋል፤ ያን ጊዜ ወደ ቀኝ አዙሩ። እንዲህ ካላደረጋችሁ አዲስ ጥርስ ይቆርጥና እንጨቱ ይላላል። አራቱንም ግማሽ ድረስ ካስገባችሁ በኋላ በመስቀለኛ ተራ ጨርሱ።

ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች አትማችሁ፣ ያገኛችሁትን ቁጥርና የደረሳችሁበትን ዘመን «1976–1978፣ ፉጂጄን፣ ማትሱሞቶ» በሚል መልክ በወረቀት ጽፋችሁ በጊታሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ጊታረኛ ነው፤ ቪቴዎቹን እንደገና መፍታት አያስፈልገውም።